ጥልፍ ከጥቃት የተረፉ ሴቶችን ለማገገም ይረዳል ወይ?

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች በጥልፍ ሥራ ማሰባሰብ በእርግጥ ከሥነ ልቦና ጉዳታቸው እንዲያገግሙ ይረዳቸዋል ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ይቀራል፣ የደረሰባቸውንስ እንዲናገሩ መጠየቅ ይገባል ወይ ብለው ለጠየቁን እህት፣ እንዲህ ያሉ ስብስቦችን ለዓመታት ሳስተባብር ካየሁት ተነስቼ ልመልስ። ይረዳል። የሚረዳው ግን ምን እንደምትናገር፣ መቼ እንደምትናገር፣ ጨርሶ ላለመናገርም የመወሰን ሥልጣኑ በሴቲቱ እጅ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ጥቃቱ የነጠቃት ይህንኑ ሥልጣን ነውና።

ከባድ ጥቃት ያለፈባት ሴት ትዝታው ብዙ ጊዜ የሚመጣባት በተስተካከለ ታሪክ መልክ ሳይሆን በምስል፣ በጠረንና በሰውነት ድንጋጤ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንድትተርክ ስትጠየቅ ቃል ያጥራታል፣ ወይም ሁሉም እንደ አዲስ ይመለስባታል። መርፌ ይዛ ስትቀመጥ ግን ዓይኗ ጨርቁ ላይ ስለሚያርፍ ማንም ትክ ብሎ አያያትም፤ የእጇ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ትንፋሿን ያረጋጋል፤ ያልወደደችውን ስፌት ፈትታ እንደገና መጀመር፣ ሲከብዳትም ጨርቁን አጣጥፋ ማስቀመጥ ትችላለች።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በቺሊ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ልጆቻቸውና ባሎቻቸው ታፍነው የጠፉባቸው ሴቶች ሐዘናቸውን በቁርጥራጭ ጨርቅ ሥዕል እየሰፉ አሳይተዋል። በሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሬቸል ኮኸን የተመሠረተው ኮመን ትሬድስ ፕሮጀክት ደግሞ እንደ ኢኳዶር፣ ኔፓልና ቦስኒያ ባሉ አገሮች ጥልፉን ከሠለጠኑ አማካሪዎች ድጋፍ ጋር አጣምሮ ሠርቷል። ማጣመሩን አጥብቄ የማነሳው ብዙዎቻችን ክርና ጨርቅ ካሟላን ሁሉም የተሟላ ስለሚመስለን ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን ማገገምን በሦስት ምዕራፍ ትገልጸዋለች፦ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ከዚያ ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር ዳግም መተሳሰር። በተግባር ሲታይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ጥቃቱ ምንም ሳይነሳ የስፌት ዓይነት መማማሪያና መተዋወቂያ ይሁኑ ማለት ነው። በስብስቡ መካከል አዲስ ሰው አይግባ፤ ፎቶግራፍ አይነሳ፤ አጥቂው አሁንም አብሯት የሚኖር ከሆነ ጨርቁን ወደ ቤት መውሰዷ አደጋ እንዳያመጣባት አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ጥቃቱ በቅርቡ የደረሰባት ሴት ግን ከሁሉ በፊት ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ራሷን ስለማጥፋት የምታስብ ሴትም ሳይውል ሳያድር ወደ ባለሙያ ትላክ።

መናገርን በተመለከተ አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። አብራን በቆየችበት ጊዜ ሁሉ የጨርቋን ዳር ዳር ብቻ ጠለፈች፤ ስለደረሰባትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌሎቹ ሲያለቅሱ ግን አጠገባቸው የምትቀመጠው እርሷ ነበረች፤ ኋላም እንቅልፏ እንደተመለሰላት ነገረችን። ታሪኳን እንድታወጣ ብንገፋት ኖሮ በሳምንቱ የምትመለስ አይመስለኝም። የዓለም የጤና ድርጅትም ቢሆን ሰው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ወዲያው የደረሰበትን ዘርዝሮ እንዲተርክ ማድረግን አይመክርም።

ገቢን በሚመለከት፣ ለሽያጭ የሚሠራው ጥልፍ ታሪክ ከተጠለፈበት ጨርቅ ፈጽሞ ይለይ። ገቢ ያስፈልጋል፤ ከአጥቂው ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ ወሳኙ ገንዘብ ነውና። ሆኖም ይበልጥ የሚያሳዝን ሥዕል የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ሴቶቹ ቁስላቸውን ለገዢ ማቅረብ ይጀምራሉ። የታሪክ ጨርቁ የሠሪዋ ነው፤ ለኤግዚቢሽን የሚጠይቅ ረጂ ድርጅት ቢመጣ እንኳ መልሱን የምትሰጠው እርሷ ናት፤ ፈቅዳ ከነበረም ሐሳቧን በቀየረች ቀን ጨርቁ ይመለስላት።