ዝናቡ ሲያይል ምን እናስተምር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የክረምት ትምህርት ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ለ6 ሳምንት የክረምት ማጠናከሪያ ልንሰጥ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል 80 ያህል ልጆች ተመዝግበዋል። የሚያስተምሩት ለእረፍት ወደ ቤተሰብ የመጡ 4 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ልጆቹን በየክፍላቸው ብንመድባቸው ይሻላል? (ርዕሰ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በየክፍላቸው አይመድቧቸው። 3ኛ ክፍል ደርሶ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ የማይጨርስ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያመለጠው ትምህርት በክረምት ቢደገምለት ያው መልሶ ያመልጠዋል። የሚያዋጣው ማንበብ በሚችሉት ልክ መመደብ ነው። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው አሠራር ይኸው ነው፤ የተለየ መጽሐፍም ሆነ ውድ ዕቃ አይፈልግም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለመለያ ይስጡ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጓደኛው እየሰማው የሚያነብ ልጅ ወይ ይሸማቀቃል ወይ ከፊቱ ያነበበውን በቃሉ ይደግማል። መጀመሪያ 4 ዓረፍተ ነገር ያላት አጭር አንቀጽ ይስጡት። ከ3 ጊዜ በላይ ከተሳሳተ ወደ 5 ነጠላ ቃላት ይውረዱ። ከ5ቱ ቢያንስ 4 ካላነበበ ወደ ፊደል ይውረዱ። አንቀጹን ያለ ችግር ከተወጣው ደግሞ 10 ዓረፍተ ነገር ያለው ታሪክ ይስጡት። ለአንድ ልጅ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። በመጨረሻ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ እና ታሪክ የሚባሉ 4 ምድቦች ይኖርዎታል። የ1ኛ ክፍሉና የ4ኛ ክፍሉ ልጅ አንድ ምድብ ውስጥ ቢገናኙ አይደንግጡ። ትልቁ እንዳያፍር ግን ምድቦቹን በቁጥር ሳይሆን በወፍ ወይም በአበባ ስም ይጥሯቸው። በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ይፈትኑና የተሻሻለውን ወዲያው ያሳድጉት።

ፊደል ምድብ ውስጥ አንድ የተለመደ ነገር ያጋጥምዎታል። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ ሰባተኛው ያለማቋረጥ ይዘምራል፤ ከመካከል «ሜ»ን ለይተው ሲያሳዩት ግን ከ«መ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ካልደረሰባት አያውቃትም። ያወቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ስለዚህ ገበታውን ለጊዜው ያንሱና ካርድ ያዘጋጁ። 231ዱን በአንዴ መያዝ አያስፈልግም፤ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ከ እና የ ከነዘሮቻቸው 70 ካርድ ይሆናሉ። እነዚህ ብቻ ብዙ ቃል ይሠራሉ። ካርዱ 6 በ8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከአንድ ኤ4 ወረቀት 9 ይወጣል፤ 8 ወረቀት በቂ ነው። ክረምት ስለሆነ እርጥበቱ ቀለሙን ያፈሰዋል፤ በስኮች ይሸፍኑት።

ካርዱን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ያስተምሩበት። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፣ ቱ፣ ኑ አንድ ላይ ሲደረደሩ ልጁ ከቀኝ በኩል የወጣችውን ምልክት ራሱ ያገኛታል። እንደ «ረ» ያለው ደንቡን ስለማይጠብቅ መጨረሻ ላይ ለብቻው ይምጣ።

ቃል ምድብ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። «ገና»ም እንዲሁ በዓሉ ወይም «እስካሁን» ነው። ፊደል በፊደል እየነጠለ የሚያነብ ልጅ ሁለቱንም አላልቶ ያነብና ትርጉሙ ይጠፋበታል። «በቤቱ ውሃ አለ» እና «አባቴ ና አለ» የሚሉትን ጎን ለጎን ጽፈው ጮክ ብሎ ያንብባቸው፤ ከዚያ የትኛው እንደሚጠብቅ ራሱ ይንገርዎ። እርማት ከመስጠትዎ በፊት ልጁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እንዲያነብ ዕድል ይስጡት፤ ብዙ ጊዜ ጆሮው ያርመዋል።

ስለ ሰዓቱ፦ ከጧቱ 2:30 እስከ 5:00 ያድርጉት። በአካባቢያችሁ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ልጆቹ ሳይበሰብሱ ቤታቸው ይደርሳሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ቅዳሴም ይሄዳሉ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሩጫና ኳሱን ቀንሰው ካርድ፣ እንቆቅልሽና ሥዕል ያብዙ። በሳምንት 5 ቀን ከማስገደድ 4 ቀን ማድረግ ይሻላል፤ በገጠር ቀበሌዎች አረምና ከብት ጥበቃው ያለው ልጆቹ ላይ ነው፤ ነፃ ቀን ካልተሰጠ ወላጅ ከነጭራሹ ያስቀራቸዋል።

ጥያቄ፦ ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የዝናብ መለኪያ በፕላስቲክ ሠርተን ነበር። ንባባችን ግን ከቀን ቀን የማይታመን ሆነ፤ አንዳንዴ በዶፍ ማግስት ትንሽ ያሳያል። ምን አጠፋን? (የሳይንስ መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አሠራሩን ስላልገለጹልን ብዙ ጊዜ የሚሳቱትን ከነማስተካከያቸው እናስቀምጣለን።

የመጀመሪያው ዕቃው ራሱ ነው። ወገቡ የገባ ወይም ጎኑ የተሸበሸበ የሃይላንድ ፕላስቲክ አይሆንም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ታች የሚይዘው ውሃና ላይ የሚይዘው ይለያያል። ጎኑ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ባለ 2 ሊትር ይፈልጉ። ትከሻው አልቆ ጎኑ ቀጥ ማለት በሚጀምርበት ላይ ይቁረጡት። ክዳኑን አውጥተው የተቆረጠውን አፍ ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ውስጡ ያስገቡት፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጣጠም። ይህ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው እንዳይተን ይከላከላል።

ሁለተኛው የፕላስቲኩ መቀመጫ ነው። ጎድጓዳና እብጥ ስለሆነ ከሥሩ ጀምሮ መለካት አይቻልም። ትንንሽ ጠጠር ይጨምሩ፤ ከዚያ ጠጠሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈንና ውሃው ቀጥ ያለው ጎን ላይ እስኪደርስ ውሃ ይሙሉ። እዚያ ላይ በማርከር መስመር ያስምሩ፤ ዜሮ ይህ ነው። ከዜሮ ወደ ላይ በማስመሪያ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ያድርጉና በስኮች ይሸፍኑት። ጠጠሩ ፕላስቲኩ እንዳይወድቅም ይረዳል።

ሦስተኛው፣ የእርስዎም ችግር ይመስለናል፣ ቦታው ነው። በግድግዳ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር የተቀመጠ መለኪያ ነፋስ ዝናቡን አጋድሞ ሲያመጣው ባዶውን ያድራል፤ ከቆርቆሮ ጠርዝ አጠገብ ያለው ደግሞ የጣራ ጠብታ ይጨመርበታል። ደንቡ ከማንኛውም ከፍ ያለ ነገር የቁመቱን እጥፍ መራቅ ነው፤ 3 ሜትር ግድግዳ ካለ 6 ሜትር ይራቁ። አፉ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ከመሬት የሚፈናጠር ጭቃ ይገባበታል።

አነባበቡም ያሳስታል። በየቀኑ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ዓይን ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ ይነበብ። ውሃው ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መካከሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ የሚወሰደው ዝቅ ያለው ነው። ከንባብ በኋላ እስከ ዜሮው መስመር ብቻ ይድፉት። ዘንግታችሁ ሳትደፉ የቀራችሁ ቀን በማግስቱ የሚነበበው የሁለቱ ቀን ድምር ነው። ቅዳሜና እሑድ ማንም ካላነበበም የሰኞው ቁጥር የ3 ቀን ነው፤ ለ3 አካፍለው አይጻፉት፣ «የ3 ቀን ድምር» ተብሎ ይመዝገብ። ልጆች በሳይንስ ሐቀኝነትን ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ይከተላል፤ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጡት አይቆጭዎትም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላ ማለት ነው። ልጆቹ መሬት ላይ በኖራ አንድ ካሬ ሜትር ይሥሩና ጀሪካኑን መካከሉ ላይ ያቁሙት። ቀጥሎ ክፍላቸውን ይለኩ፤ 8 በ6 ሜትር ከሆነ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚያች ሌሊት ጣራው 48 ጀሪካን ውሃ ወደ ቦይ ለቀቀ ማለት ነው። የሚለካው የጣራው ተዳፋት ሳይሆን ጣራው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት መሆኑን አስቀድመው ያስረዷቸው። ውሃ የሚቀዱት እህታቸው ወይም እናታቸው ከሆኑ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግራቸው አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ክፍላችን ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ድምፄን ይውጠዋል። መብረቅም ያሳስበኛል። (መምህርት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ከዝናቡ ጋር በድምፅ አይፎካከሩ፤ ጉሮሮዎን ከመጉዳት በቀር ትርፍ የለውም። አንድ ካርቶን አዘጋጅተው «የዝናብ ሣጥን» ይበሉት። ውስጡ ድምፅ የማይፈልጉ ሥራዎች ይቀመጡ፦ የተበታተኑ ዓረፍተ ነገሮች እንዲደረደሩ፣ እንቆቅልሽና መልሱ በተለያየ ካርድ ተጽፎ እንዲገጣጠም፣ ከሰሌዳ የሚገለበጥ አጭር ጽሑፍ። ዝናቡ ሲጀምር ተማሪ ተረኛ ሣጥኑን ያድላል። የትእዛዝ ምልክቶችን በእጅ አስቀድመው ያለማምዷቸው።

ለመብረቅ፦ ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ሁሉም ወደ ክፍል ይግባ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ሜዳ አይውጡ። ከዛፍ ሥርና ከሰንደቅ ዓላማው ብረት ይራቁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ከተማሪዎች ጋር 200 ችግኝ ተክለን የጸደቀው 30 አይሞላም። (የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ተከላው ተለምዷል፤ እንክብካቤው ግን ወደኋላ ቀርቷል። በመጀመሪያ በደረቁት ሥር ቆፍረው ይዩ። ሥሩ ላይ ጥቁሩ ፕላስቲክ ካለ ምክንያቱን አገኙት፤ ልጆች ሲጣደፉ ሳያወልቁ ይተክላሉ። ፕላስቲኩ በምላጭ ከጎኑ ይሰንጠቅ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ይውጣ፣ የተጠማዘዘ ሥር ከታች ካለ ይቆረጥ። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ባዶ ፕላስቲክ ይቁጠሩና ይሰብስቡ፤ 200 ካልሞላ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል።

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በግንቦት ይቆፈር። የላዩ ለም አፈር ለብቻው ይቀመጥና ሲተከል መጀመሪያ እሱ ይግባ። አፈሩ በደንብ ሳይርስ አይትከሉ። ከተተከለ በኋላ ዙሪያውን በእግር ጠቅ ጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሥሩ አጠገብ አየር ከቀረ ይደርቃል። ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ለደጋ ግቢ ይሆናሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ከግንብና ከጉድጓድ ውሃ ይራቅ። ትልቁ ሥራ ዝናቡ ሲቆም በጥቅምት ይጀምራል። 200 ተክሎ ከማጣት 40 ተክሎ በሳምንት ሁለት ቀን ተራ እየገቡ ማጠጣት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሚኒሶታ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። «ክረምት» ስላቸው በረዶ ነው የሚታያቸው፤ አገር ቤት ያሉ የአክስታቸው ልጆች ደግሞ በሐምሌ «ክረምት ነው» ይሏቸዋል። እንዴት ላስረዳቸው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው ብለው ይጀምሩ። በእኛ ቆጠራ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ክረምታችን የሚለየው በዝናብ ነው፤ የእነሱ በፀሐይ ማነስ ነው።

አንድ ሎሚና የእጅ ባትሪ ይበቃዎታል። ሎሚው ላይ እንጨት ሰክተው ጥቂት ያዘንብሉት፤ ምድር ያዘነበለችው 23.5 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባን ከወገቡ ከፍ አድርገው፣ ሚኒያፖሊስን ከወገቡና ከጫፉ መካከል በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ሎሚውን የዘነበለበትን አቅጣጫ ሳይቀይሩ በብርሃኑ ዙሪያ ያዙሩት። አዲስ አበባ ላይ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን የሰኔው ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን የታኅሣሡ ከ9 ሰዓት ያንሳል። በሐምሌ የኢትዮጵያ ደጋ የሚቀዘቅዘው ደመናው ፀሐይዋን ስለሚጋርድ ነው።

ከዚያ ልጆቹ በአገር ቤት ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ለ2 ሳምንት የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት ይለዋወጡ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው፦ የአክስታቸው ልጅ «ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ወጣች» ብሎ ሲጽፍ የእነሱ ሰዓት አቆጣጠር 6 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ሳያውቁ ግራፉን ከጀመሩ የመጀመሪያው መስመር ተንጋዶ ይወጣል።