ቀኝና ግራው ለምን ይምታታበታል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 4 ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ «በቀኝ እጅህ ያዝ» ስለው አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ይስታል። ችግር ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ አይሥጉ። ብዙ ልጆች የራሳቸውን ቀኝና ግራ አጥርተው የሚለዩት ከ6 እስከ 7 ዓመታቸው ነው፤ ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው ቀኝ መለየት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። አሁን መፈተሽ ያለበት ቀድሞ የሚመጣው ነው፦ ውስጥ፣ ላይ፣ ሥር፣ ቀጥሎ ፊትና ኋላ።

ኩባያና በርጩማ ይበቃል። «ኩባያውን በርጩማው ሥር አድርግ» ይበሉት። እጅዎ ጭንዎ ላይ ይረፍ፣ ዓይንዎም ከልጁ ፊት አይነሳ። ብዙ ወላጅ ሳይታወቀው በጣቱ ወይም በዓይኑ ይጠቁማል፤ ልጁም ጥቆማውን ተከትሎ ቃሉን ያወቀ ይመስላል። ያለ ጥቆማ ውስጥ፣ ላይና ሥርን ጨርሶ ካልለየ ግን ሳይቆዩ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፤ ጆሮውም ይታይ።

ፊትና ኋላን ከራሱ አካል ይጀምሩ፤ ከዚያ መደገፊያ ወዳለው ወንበርና ወደ ቆመ ሚኒባስ ይለፉ። ኳስና ዛፍ የራሳቸው ፊት የላቸውም። «ከዛፉ ኋላ» የሚባለው እንደ ተመልካቹ አቋቋም ስለሚለዋወጥ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከቀኝና ግራ መጀመሪያ ቀኙን ብቻ ያስይዙት። እንጀራ የሚቆርስበት እጅ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግራኝ ከሆነ በቀኝ አንጓው ላይ ላላ ያለ ክር ይሰሩለት፣ እጅ አይቀያይሩ። ሲያሳዩት ከጎኑ ይቁሙ። ፊት ለፊቱ ከቆሙ የእርስዎ ቀኝ በእሱ ግራ በኩል ስለሚውል፣ እርስዎን ሲከተል ይሳሳታል። መንገድ ላይ «ወደ ቀኝ ልንታጠፍ ነው» የሚለው ከመታጠፊያው በፊት ይነገረው። ሲሄዱ በቀኝ የነበረው ሱቅ ሲመለሱ በግራ ይሆናል፤ እሱን ለማስረዳት ገና ነው።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው የምጽፈው። የ8 ዓመት ልጄን «እንጦጦ ያለበት ሰሜን ነው» ብዬ አስተማርኳት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ለመሀል አዲስ አበባ ነዋሪ ልክ ነው፤ ለእናንተ ግን እንጦጦ በደቡብ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ወደወጣችበት ፊቷን ታዙር፦ ፊቷ ምሥራቅ፣ ግራዋ ሰሜን፣ ቀኟ ደቡብ ይሆናል። በቀትር ፀሐይ አታስተምሯት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ።