የወራሽነት ወረቀት ቤቱን አያካፍልም

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች አምስት ወር ሆናት። አራት ኪሎ አካባቢ በስሟ ካርታ ያለው ግቢ አላት፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ተከራይተዋል። ልጆቿ ሦስት ነን። ትልቁ ወንድማችን እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ታናሹ አሜሪካ ነው፣ እኔ መሃከለኛዋ ነኝ። እናታችን በሕይወት እያለች ለትልቁ ውክልና ሰጥታው ስለነበር ኪራዩን እስከ ዛሬ የሚቀበለው እሱ ነው። አሁን «ጠበቃ ይዣለሁ፣ አንቺ መጥተሽ ፈርሚ ብቻ» ይለኛል። ጠበቃው የሚጠይቀው ከቤቱ ዋጋ ላይ ፐርሰንት ነው። አባታችን የሞተው በ2008 ዓ.ም ነው፤ ያኔ ምንም አላስጨረስንም። ከሌላ እናት የወለደው ልጅ እንዳለውም ያወቅነው በለቅሶው ላይ ነው። ለመሆኑ ጠበቃ የግድ ነው?
(ት. ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናት ከቀበሩ በኋላ ወረቀት ይዞ መሯሯጥ እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ ተቀላቅሏል፣ ብዙ ሰውም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወራሹ ማን ነው የሚለው ነው። ሌላው ውርሱ ምንድን ነው፣ ለማን ምን ይደርሳል የሚለው ነው።

ለመጀመሪያው ጠበቃ የግድ አይደለም። ከወረዳችሁ የእናትሽን የሞት የምስክር ወረቀት ታወጫለሽ። ልጅነታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ትይዣለሽ፣ ቤተሰቡን በደንብ የሚያውቁ ምስክሮች ታዘጋጂያለሽ፣ ከዚያ «ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» ብለሽ ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ታመለክቻለሽ። ፍርድ ቤቱ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። የሚቃወም ከሌለ ምስክር ተሰምቶ ወረቀቱ ይሰጥሻል። ሦስታችሁ ከተስማማችሁ በአንድ ማመልከቻ መጠየቅ ትችላላችሁ። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ መምጣት አያስፈልገውም፤ እዚያው በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ። ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። ለዚህ ሥራ ከቤት ዋጋ ላይ ፐርሰንት መክፈል ለእኔ በፍጹም አይዋጥልኝም።

ግን ያ ወረቀት ምን እንደሚል ልብ ብለሽ አንብቢው። «እገሌና እገሌ የሟች ወራሾች ናቸው» ይላል፣ አለቀ። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ለማን ስንት እንደሚደርስ አንዲት ቃል የለውም። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ይዞ «ጨረስን» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጠቡ ገና መጀመሩ ነው።

የእናንተ ቤት ደግሞ አንድ ውርስ ሳይሆን ሁለት ውርስ ያለበት ነው። ካርታው በእናትሽ ስም ስለሆነ ብቻ የእናትሽ የግሏ አይሆንም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የግል ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። የጋራ ከሆነ ግማሹ አባትሽ በሞተ ቀን ለአባትሽ ልጆች አልፏል። እነሱ ደግሞ ሦስት ሳይሆኑ አራት ናቸው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ አባትነቱ በሕግ እስከታወቀ ድረስ፣ ከእናንተ እኩል ይወርሳል። እንግዲህ ኑዛዜ ከሌለ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ቤቱን 24 ቦታ ብትከፍሉት የአባትሽ 12 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3 ይደርሳል። የእናትሽ 12 ለሦስታችሁ ሲካፈል 4፣ 4፣ 4 ይሆናል። እናንተ ለእያንዳንዳችሁ 7 አላችሁ፣ ያ ለቅሶ ላይ ያያችሁት ወንድማችሁ ደግሞ 3 አለው።

እሱን ደብቆ የወራሽነት ወረቀት ማውጣት የሚያዋጣ የሚመስላቸው አሉ። ምስክሮቹ «ከእነዚህ ሌላ ልጅ አላውቅም» ይላሉ፣ ወረቀቱም ይወጣል። ግን ይሰረዛል። ልጁ በመጣ ቀን ወረቀቱን ማሰረዝ ይችላል፤ በሐሰት የመሰከሩት ሰዎችም በወንጀል ሊጠየቁ ይችላሉ። እባካችሁ አታድርጉት፣ ወንድማችሁ ነው።

ውክልናው ላይ ደግሞ ፈርጠም ብለሽ ተናገሪ። እናትሽ ለወንድምሽ የሰጠችው ውክልና በሞተችበት ቀን አብሮ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወረቀት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ውል መፈረም አይችልም። የተቀበለው ኪራይም የውርሱ ነው፣ ሒሳብ ያቀርብበታል። እሱ የያዘው ጠበቃ የእሱ ጠበቃ ነው፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

አንቺ ጠበቃ የምትይዢው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። የአባትሽ ድርሻ፣ የአራተኛው ልጅ ጉዳይ፣ የኪራዩ ሒሳብ፣ እነዚህ በቤተሰብ ሽምግልና ካላለቁ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የከተማው ፍርድ ቤት ወራሽነትን ያረጋግጣል እንጂ የውርስ ክርክር አያይም። እዚያ ውርስ አጣሪ እንዲሾም ትጠይቃላችሁ። አጣሪው ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ከዚያ ሪፖርት ያቀርባል። ቤቱ እንዳይሸጥ የምትሰጊ ከሆነ ከሁሉ በፊት እግድ አስወጪ።

ይርጋም፣ ማለትም መብትን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ፣ አለ። ውርሱን ሌላ ሰው ያለመብቱ ይዞት ከሆነ፣ መብትሽንና መያዙን ካወቅሽ ጀምሮ 3 ዓመት ብቻ ነው ያለሽ። የአባትሽ ጉዳይ ከ2008 ጀምሮ ስለተንከባለለ ይህን ጥያቄ ራስሽ አትመልሺው፣ ጎረቤትም አይመልሰው።

ስለ ኑዛዜ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ አክስት ወረቀቶቿን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ስትሞት ከውስጡ በኮምፒውተር የተጻፈ ኑዛዜ አገኘን። ፊርማዋ አለ፣ የአራት ምስክሮች ፊርማ አለ፣ ቀኑ አለ። ደስ አለን። በኋላ ግን ክርክር ሲነሳ ወደቀ። ለምን? ኑዛዜው በተናዛዧና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚገልጽ አንድ መስመር አልነበረውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚደረግ ኑዛዜ መነበቡ ራሱ ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። አንድ መስመር! አክስቴ ያንን ቤት ላሳደገቻት ልጅ ነበር የተወችው፤ ልጅቷ ከችሎት ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ቀረች። ስለዚህ ኑዛዜ ከተገኘ፣ የሚጠቅማችሁም ቢሆን የሚጎዳችሁ፣ በዚያው ሳምንት ለጠበቃ አሳዩት። ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

ጠበቃ ስትይዢ ፈቃዱን አሳየኝ በይው፣ ማፈር የለም። ክፍያውንና የሚሠራውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ፐርሰንት ካለም ከቤቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው ወይስ ከአንቺ ድርሻ ላይ ብለሽ ጠይቂ፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የምትሰጪው ውክልና ለክርክሩ ብቻ ይሁን፣ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል አይግባበት። አቅም ካነሰሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ለወራሽነት ማመልከቻ ይበቃሉ። ለክርክር ግን አይበቁም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር 22 ዓመት ኖረናል፣ ልጅ አልሰጠንም። አምና አረፈች። አሁን ወንድሞቿ መጥተው «ወራሾቿ እኛ ነን፣ የቤቱን ግማሽ እንፈልጋለን» ይሉኛል። ቤቱን ጡብ በጡብ አብረን የሠራነው እኔና እሷ ነን። እንዲህ ዓይነት ሕግ አለ?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ነፍሷን ይማርልን። መልሱ ያስከፋዎታል፣ ግን ሸፍኜ አልነግርዎትም። አለ። በእኛ ሕግ ባልና ሚስት በኑዛዜ ካልሆነ በቀር አይወራረሱም። ልጅ ከሌለ የሟች ወላጆች ይወርሳሉ፤ እነሱም በሕይወት ከሌሉ ልጆቻቸው፣ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች ይተካሉ።

ግን ግማሹ የእርስዎ ነው፣ ውርስ ሆኖ አይደለም፣ ከመጀመሪያውም የእርስዎ ስለሆነ ነው። የጋራ ንብረት ተካፍሎ የእርስዎ ድርሻ ሳይወጣ ማንም ግማሽ ብሎ መጠየቅ አይችልም። የጋራ ዕዳ ካለም እንዲሁ ይቀነሳል። በእሷ ጡረታ የሚከፈልዎት አበል ካለ ከውርሱ ውጭ ነው፣ አይነኩብዎትም። ኑዛዜ ትታ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ሊለወጥ ስለሚችል ቁም ሳጥኗን፣ ቦርሳዋን፣ የጸሎት መጽሐፏን መሃል ሳይቀር ይፈልጉ። ሙሉ በሙሉ በእጇ የጻፈችው ኑዛዜ ያለ ምስክርም ሊጸና ይችላል።

እርስዎ ጠበቃ ይያዙ፣ ዛሬ ነገ አይበሉ። ከወንድሞቿ ጋር ከመፈራረምዎ በፊት ይሁን። ብዙ ጊዜ የእነሱን ድርሻ ገምቶ በገንዘብ ሰጥቶ ቤቱን ማስቀረት ይቻላል፣ ለዚህም ስምምነቱን በደንብ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አያቴ የኖሩበት የቀበሌ ቤት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ የወራሽነት ወረቀት አወጣሁ። አንድ ሰው ጠበቃ ይዘህ ቤቱን በስምህ አዙር አለኝ።
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ያንን ሰው አትስማው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው። በ1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ አያትህ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበሩም፣ የሌላቸውን ደግሞ ሊያወርሱህ አይችሉም። ወረቀትህ ግን ከንቱ አይደለም፤ በባንክ ያላቸው ገንዘብ ወይም ሌላ ንብረት ካለ በሱ ትጠይቃለህ። ለቤቱ የምትሄደው ወረዳ ነው፤ ከአያትህ ጋር አብረህ የምትኖር ከነበርክ የኪራይ ውሉ ይዛወርልህ እንደሆነ በመመሪያቸው መሠረት እንዲመልሱልህ በጽሑፍ ጠይቅ። መታወቂያህንና የኪራይ ደብተሩን ይዘህ ሂድ። ለጠበቃ ያሰብከውን ገንዘብ አስቀምጠው።