የአየር ላይ ሃሞክ የት ይሰቀል? በምን ይታሰር? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲመሠረት የአየር ላይ ትርኢት ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ሃሞክና ስሊንግ (ከላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚወዛወዝበትና የሚገለባበጥበት ጨርቅ) ከሰርከስ ሜዳ አልፎ ዮጋ ቤትና ሳሎን ገብቷል። የእኔ ሥራ መሣሪያውን መስቀል ነው። የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጨርቁ ናቸው፤ ስለ ጣሪያው የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ጣሪያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ከእሱ እንጀምር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፎቶ አይቼ «ይይዛል» አልልም። «አይይዝም» ግን ከፎቶም ልል እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ጣሪያው ሶሌታ ነው። በትራፓኖ በስቼ፣ ፊሸር ከትቼ፣ መንጠቆ ባስገባስ? ሲሚንቶ ምን ይሆናል?

እህቴ፣ እባክሽ እንዳታደርጊው። ከታች ስታዪው ሲሚንቶ ይመስላል። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ግን ሶሌታቸው ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ተገጣጣሚ ቢሞች ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ከሥር ልስን ስለሚደረግ ቢሙ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ብሎኬቱ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ትራፓኖው መጀመሪያ ይጠነክርብሻል። ከዚያ ድንገት ባዶ ቦታ ውስጥ ዘው ይላል። ያኔ የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ በስተሻል ማለት ነው። ያ ግድግዳ ቻንደሌር ይሸከም ይሆናል እንጂ ሰው አይሸከምም።

ቢሙን ብታገኚውስ? ሌላ ጣጣ አለው። ቢሙ ቀጭን ነው፣ ፌሮው ደግሞ ታች በኩል ስለሆነ ስትበሺ ልትቆርጪው ትችያለሽ። በዚያ ላይ የአንቺ ጣሪያ የላይኛው ጎረቤት ወለል ነው።

የፕላስቲክ ፊሸር ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ፊሸር የሚይዘው በመፋተግ ነው። ሃሞክ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል፣ ወደ ጎንም ያወዛውዛል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይላላል። የመጀመሪያ ቀን መያዙ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ለአንቺ የሚሻለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በራሱ የሚቆም የብረት ፍሬም ነው። ሳሎኑ ከፍታው ከፈቀደ ማለቴ ነው። እግሮቹ አምራቹ ባለው ልክ ተከፍተው ደልዳላ ወለል ላይ ይቁሙ። አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር ፍሬም ላይ መወዛወዝ የለም።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። መንጠቆው ላይ «200 ኪሎ» ይላል። ሦስት እጥፍ አይበቃም?

አይበቃም። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ዝም ብለህ ስትቀመጥ ጣሪያው የሚሰማው 60 ኪሎ ነው። ስትወዛወዝ ይጨምራል። ተጠቅልለህ ራስህን ስትለቅና ጨርቁ ድንገት ሲይዝህ፣ ለቅጽበት የክብደትህን ሦስት፣ አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ድሮፕ (እንዲህ ራስን ለቆ መውደቅ) ከዚያም ያልፋል። አራት እጥፍ ብንል 240 ኪሎ ሆነ። መንጠቆህ እዚያው አለቀለት።

ደግሞ ያ «200» ምንድን ነው? የሚሰበርበት ነው ወይስ በሰላም የሚሠራበት? በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የሚሰበርበት ልክ ከሆነ አንድም ቀን አጠገቡ መድረስ የለብህም። ሰው በሚንጠለጠልበት ሥራ የብዙ ባለሙያዎች ልማድ፣ ዕቃው የሚሰበርበት ልክ ከተንጠልጣዩ ክብደት ቢያንስ አሥር እጥፍ፣ ድሮፕ ሲመጣ ከሚፈጠረው ከፍተኛ ኃይል ደግሞ አምስት እጥፍ እንዲሆን ነው። ለ240 ኪሎ አምስት እጥፉ 1,200 ኪሎ ነው። አሜሪካ ያሉ የአየር ላይ አርቲስቶች ለአንድ ሰው መስቀያ 2,000 ፓውንድ፣ ማለትም 900 ኪሎ ገደማ፣ በሰላም መሸከም አለበት የሚሉት ለዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው ማያያዣ ቀለበት) ላይ አቅሙ የሚጻፈው በኪሎኒውተን፣ ማለትም በኃይል መለኪያ ነው። አንዱ ኪሎኒውተን ወደ 102 ኪሎ ያህላል። ስለዚህ 22 የሚል ካራቢነር የሚሰበረው ከሁለት ቶን በላይ ሲሆን ነው። ብረታ ብረቱ ብዙ ጊዜ በቂ ነው የምለው ለዚህ ነው። የሚሳነው ብረቱ የታሰረበት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የወጣቶች የሰርከስ ቡድን አለን። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ትራሱ (ጣሪያውን የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) ከቱቦላሬ የተበየደ ነው። በያጅ ጠርተን ቀለበት ብናስበይድስ?

ጣሪያው የተሰላው ለቆርቆሮው፣ ለነፋሱና ለጠጋኙ ሰው ነው። የሚወዛወዝ ሰው እንዲሸከም የታሰበ ትራስ በአገራችን አዳራሾች እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ስትራክቸራል መሐንዲስ ጥሩ። «ጣሪያው ይይዛል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «በዚህ ነጥብ ላይ ወደ ታች 900 ኪሎ፣ ወደ ጎን ደግሞ በመወዛወዝ የሚመጣ ኃይል አለ፤ አስላልን» በሉት። ጥያቄው በቁጥር ሲሆን መልሱም በቁጥር ይመጣል። አጣና ወይም ሞራሌ ላይ የቆመ ጣሪያ ከሆነ ግን መሐንዲሱንም አታድክሙ፤ ውጭ ፍሬም አቁሙ።

መሐንዲሱ ከፈቀደ፣ የሚታሰረው ትራሱ ብረቶች በሚገናኙበት አንጓ ላይ ነው። በሁለት አንጓ መካከል ካሰራችሁ ቱቦላሬው ይጎብጣል።

ብየዳውን እኔ አልመርጠውም። ብየዳ ከላይ አምሮ ውስጡ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፣ ስስ ቱቦላሬንም ያቃጥላል። በዚያ ፈንታ ክሬን ላይ የምታዩትን ክብ የፖሊስተር ቀበቶ ተጠቀሙ። የአውሮፓ ደረጃ የጠበቀው በቀለሙ ይለያል፤ ሐምራዊው 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2 ቶን፣ ቢጫው 3 ቶን ነው። ግን ምልክቱ የተሰፋበትን ጨርቅ ሳታነቡ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ቀበቶውን በብረቱ ዙሪያ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ብትይዙ አቅሙ እጥፍ ይሆናል። በራሱ ውስጥ አሳልፋችሁ ብታንቁት ደግሞ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። የብረቱ ጠርዝ ስለት ስለሚሆን ከሥሩ ወፍራም መከላከያ አድርጉ። የመድረክ መብራት አጠገብ ከሆነም ፖሊስተር ሙቀት አይወድም፤ የብረት ገመድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ (ከዚሁ ቡድን) ሃሞኩን በፑሊ ከፍ ዝቅ እናድርገው ብለን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገመዱ ከአርቲስቷ ተነስቶ ላይ ባለው ፑሊ አልፎ ግድግዳ ላይ ከታሰረ፣ ላይኛው ነጥብ የሚሸከመው የእሷን ብቻ አይደለም። በዚያኛው በኩልም እኩል ይሳባል። 240 የነበረው ወደ 480 ይጠጋል። ግድግዳው ላይ ያለውም ማሰሪያ 240ውን ወደ ላይ ይቀበላል። ለመሐንዲሱ ይህን ሳትነግሩ ፑሊ አትጨምሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ነጥብ ይሻላል ወይስ ሁለት?

እንደምትሠሩት ነው። መሽከርከር ከፈለጋችሁ አንድ ነጥብ ከስዊቭል (በራሱ ላይ የሚሽከረከር ማገናኛ) ጋር። ስዊቭል ከሌለ ጠመዝማዛው ወደ ላይ ሄዶ የሚፈታ ነገር ይፈታል። ለዮጋ ሁለት ነጥብ ይመቻል፣ አይዞርም። ነገር ግን ሁለት ነጥብ ማለት እያንዳንዱ ግማሽ ይሸከማል ማለት አይደለም። ወደ አንድ ጎን ባዘነበላችሁ ጊዜ አንዱ ሁሉንም ይሸከማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ለሙሉ ጭነት ይሰላ።

ሁለት ነጥብ ላይ አስራችሁ መሃል ላይ የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ ማዕዘኑን ተጠንቀቁ። በሁለቱ እግሮች መካከል 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ የጭነቱን 58 በመቶ ይይዛል። 90 ላይ 71 በመቶ። 120 ላይ እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት ይይዛል። 150 ላይ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። እኔ ከ90 አላሳልፍም።

ጥያቄ፦ መርካቶ ርካሽ ካራቢነር አለ። እንዴት ልለየው?

በጎኑ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። የአምራቹ ስም፣ በኪሎኒውተን የተጻፈ አቅም በርዝመቱ፣ በወርዱና በሩ ሲከፈት፣ የደረጃ ምልክት። እነዚህ ከሌሉ ለቁልፍህ ይሁን። የወርዱ ቁጥር ከርዝመቱ በጣም ያነሰ እንደሆነ ታያለህ፤ በብዙዎቹ 7 ወይም 8 ገደማ ነው። ተጋድሞ እንዳይጎተት የምንጨነቀው ለዚህ ነው። በሩ የሚቆለፍ ይሁን። በጠመዝማዛ የሚቆለፍ ከሆነ መቆለፊያው ወደ ታች እየዞረ የሚዘጋ አድርገህ ስቀለው፤ ንዝረት እንዳይከፍተው። ከብረት ስዊቭል ጋር የሚነካካው የብረት ካራቢነር ቢሆን ይመረጣል፤ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። በሦስት አቅጣጫ የሚጎተት ከሆነ ካራቢነሩን ተወው፤ ለዚያ ባለሦስት ማዕዘን ማገናኛ አለ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ ቤዝመንት አለኝ። እንጨቱን ፈልጌ ትልቅ ብሎን ባስገባስ?

ያ እንጨት ጆይስት ነው፣ ወለል እንዲሸከም የተሰላ። ብሎኑ ከሥር ሲገባ የሚይዘው በጥርሱ ብቻ ነው፤ ከመሃል ትንሽ ከሳተ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጭነቱን ለብዙ ጆይስቶች የሚያካፍል ቢም ማስገባት ነው፣ በመሐንዲስ ስሌት። ቤቱ አዲስ ከሆነና ጆይስቶቹ መሃላቸው ስስ ጣውላ፣ ላይና ታቻቸው ወፍራም ከሆነ፣ የታችኛውን ወፍራም ክፍል አትንካው። የተከራየኸው ቤት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የባለቤቱ ፈቃድ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ግቢዬ ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። ለልጆቼ ሃሞክ ልሰቅልላቸው ፈልጌ ነው።

እናቴ፣ ባሕር ዛፉን ይተዉት። ጤነኛ የሚመስል ቅርንጫፍ ያለ ነፋስ ተገንጥሎ የሚወድቅበት ዛፍ ነው። ሌላ ጠንካራ ዛፍ ካለ፣ ቅርንጫፉ ሕያው፣ ስንጥቅና ፈንገስ የሌለበት፣ ከ20 ሳንቲሜትር የማይቀጥን ይሁን፤ ማሰሪያውም ወደ ግንዱ ይጠጋ። በሰፊ ቀበቶ እንጂ በሲባጎ ወይም በሽቦ አይሰሩት። ልጆቹ ተቀምጠው ይጫወቱበት፤ ተገልብጦ መንጠልጠል ግን ለዛፍ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጨርቁና ቀበቶው እስከ መቼ ያገለግላል?

ታዋቂ አምራቾች ለጨርቃ ጨርቅ ዕቃ ከተመረተበት ቀን አንስቶ 10 ዓመት የመጨረሻው ጣሪያ ነው ይላሉ። በየቀኑ የሚሠራበት ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይሰናበታል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ጨርቁን ሙሉውን በእጅ መሃል አሳልፉት፤ ቀዳዳ፣ የተሳበ ክር፣ የደረቀ ቦታ ፈልጉ። ካራቢነሩ ላይ በጥፍራችሁ ሂዱበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካገኛችሁ ከሥራ አውጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ በረኪና አታስነኩ። የተገዛበትን ቀን፣ የተፈተሸበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከእናንተ ሌላ ሰው ይየው።

ከሥራ የወጣውን ቀበቶ መጋዘን አታስቀምጡ። አንድ ቀን ዕቃ ሲጎድል አንዱ ልጅ አንስቶ ይሰቅለዋል። በመቀስ ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት።