ማልቀስ የእምነት ማነስ ነውን?

«እናቴ ካረፈች ወዲህ እንባዬን ማቆም አልቻልኩም፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ አይደለም፤ እንባዎ የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው፣ ጌታ ኢየሱስ የሞተውን ወዳጁን አልዓዛርን ከሞት እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል፤ ስለዚህ የትንሣኤ ተስፋና የመለየት ሐዘን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ምእመናን በላከው የመጀመሪያ መልእክት (4፥13) የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን እንጂ ሐዘንን ራሱን አይደለም።

ለጸሎት ቆመው ቃል ሲጠፋዎና እንባ ብቻ ሲመጣ ጸሎቱን አያቋርጡ። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጅ ስላልነበራት በሴሎ ቤተ መቅደስ እያለቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ነበር፤ እንግዲህ እንባዎን የሚያይ ሁሉ ይረዳዎታል ብለው አይጠብቁ፣ ፍርዱንም የእግዚአብሔር ፍርድ አድርገው አይቀበሉ።

ሐዘንተኞችን ስጎበኝ ካየሁት አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ ሰው እንዳይታዘበኝ ብለው እንባቸውን አምቀው የያዙ ብዙዎች ውለው አድረው ከጸሎትም ከወዳጅም ርቀዋል። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካሉዎ ወይም መኖር ካስጠላዎ ግን ለሚያምኑት የሃይማኖት አባት ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ሳይዘገዩ ይንገሩ።