አይኔ የፈጠጠው በአለርጂ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የ34 አመት ሴት ነኝ። አይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ያለቅሳል፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ቆቡ አብጦ ነው የማገኘው። አለርጂ ነው ተብዬ ጠብታ ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ ግን ምንም ለውጥ የለውም። ሰዉ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው የምታፈጪው» ይለኛል፣ የድሮ ፎቶዬን ሳየው እውነትም አይኔ ወጥቷል። በደንብ እየበላሁ ከስቻለሁ፣ ልቤም ቁጭ ባልኩበት ይመታል፣ እሱን ግን ጭንቀት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ይገናኛሉ እንዴ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ አዎ ሊገናኙ ይችላሉ፣ እንደውም እኔን በጣም ያሳሰበኝ ጭንቀት ነው ብለሽ የተውሽው ነው። እየበሉ መክሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የአይን መፍጠጥ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግሬቭስ የሚባለው የታይሮይድ በሽታ ነው። የሰውነት መከላከያችን ተሳስቶ የሚሰራው አንቲቦዲ አንገት ላይ ያለችውን የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን እንድታመርት ያደርጋታል፣ ከአይን ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻም ያስቆጣውና ያብጣል፣ ዙሪያው ደግሞ አጥንት ስለሆነ መሄጃ የለውም፣ አይንን ወደፊት ይገፋዋል። ቆቡ ወደላይ ስለሚሸሽ አይን በደንብ አይከደንም፣ ይደርቃል፣ መቆርቆሩም እንባውም ከዛ ነው። ለዚህ የአለርጂ ጠብታ ምንም አያደርግም። የአለርጂ ዋና ምልክቱ ማሳከክ ነው፣ አንቺ ግን ስለማሳከክ አንድም ቃል አልጻፍሽም።

ቲኤስኤች፣ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉትን የታይሮይድ የደም ምርመራዎች ተሰሪ። ውጤቱ ኖርማል ቢሆንም እዛው ላይ አታቁሚ፣ አንዳንዴ አይን ቀድሞ ይታመምና ሆርሞኑ በኋላ ነው የሚዛባው፣ ስለዚህ የታይሮይድ አንቲቦዲም ይታይልሽ። ሲጋራ ካጨስሽ ዛሬውኑ ተይ፣ ይሄን በሽታ እንደ ሲጋራ የሚያባብሰው ነገር የለም። ለታይሮይዱ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን (ዕጢዋን በጨረር የሚያዳክም መድኃኒት) ከታዘዘልሽም አይንሽ እንደታመመ ቀድመሽ ተናገሪ፣ የአይኑን ህመም ሊያባብሰው ይችላል።

እይታሽ ከቀነሰ፣ ወይም ቀይ ቀለም ደብዝዞ ከታየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የአይን ነርቭ እየተጨመቀ ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ሐኪም ጋር ድረሺ።

ስትሄጂ ያንን የድሮ ፎቶሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አይንሽ ምን ያህል እንደተለወጠ ሐኪሙ ቶሎ ይገባዋል።