የእግረኛ ጦር የቀድሞ አባላት ማህበር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ እግረኛ ብርጌድ የቀድሞ አባላት ማህበር አለን፣ የምንመራው ያለ ደሞዝ ነው፣ እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ ማእረጌ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሰሞኑን በስልክም በመንገድም የሚጠይቀኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጋሼ፣ ማህበሩ ምን ይሰራል? እድር አይበቃም ወይ?

እድር ሁላችንም አለን። እድር ግን ከሞትክ በኋላ ነው የሚደርስልህ፣ የኛ ስራ አብዛኛው በቁምህ ያለ የወረቀት ጣጣ ነው። በ1983 ደርግ ወድቆ ሰራዊቱ ሲበተን አንዱ በሱዳን ዞሮ መጣ፣ አንዱ ከኤርትራ በእግሩ ትግራይን አቋርጦ ገባ፣ ፋይሉ በየክፍሉ ቀረ። አሁን ሰውየው 70 አልፎት አገልግያለሁ ሲል ማስረጃ አምጣ ይባላል፣ ከየት ያምጣ? ስለዚህ ምስክር እንፈልግለታለን፣ ማመልከቻ እንጽፍለታለን፣ ቢሮም አብረነው እንሄዳለን። ሽማግሌ ብቻውን ሲሄድ ነገ ና ይሉታል፣ ሶስት ሆነን ስንገባ ወንበር ይሰጡናል።

ምስክሩን እንዴት ነው የምታገኙት?

ደብተር አለን። ወፍራም ሲናርላይን፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ። ስም እስከ አያት፣ መለያ ቁጥር የሚያስታውስ ካለ እሱን፣ ከዛ የነበረበት የጦር ክፍል (መቶው፣ ሻምበሉ፣ ሻለቃው)፣ የቆሰለበት ቦታ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የመጨረሻው ረድፍ ነው፣ "የምሽግ ጎረቤት" ብለን ነው የጻፍነው። አዛዡን ሁሉም ያውቀዋል፣ አዛዡ ግን ሁሉንም አያውቅም፣ አጠገብህ የተኛው ነው ስምህንም የእናትህንም ስም የሚነግረን። አንድ የሞላሌ ሰው ጎረቤቱን በቅጽል ስም ብቻ ነበር የሚያስታውሰው፣ እሱን ይዘን ስንጠያይቅ ሰውየው ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲያመርት ተገኘ። እዛ ቆላ እሱ በሸሚዝ፣ እኛ ከነጋቢያችን ወርደን ሳቀብን።

አባቴ በ1980 አፋቤት ላይ ቀረ ነው የተባልነው። እናቴ ማሃል ሜዳ ናት፣ እስካሁን አንድ ወረቀት የላትም። ምን ታድርግ?

ልጄ፣ ይሄ በጣም የሚመጣ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 1980 ናደው ዕዝ (ኤርትራ የነበረው የደርግ ጦር) አፋቤት ላይ ሲመታ ብዙ ሰው ሞተም ተማረከም ሳይባል ነው የቀረው። የሞት የምስክር ወረቀት በወሳኝ ኩነት መሰጠት የጀመረው በ2008 ስለሆነ ከዛ በፊት ለቀረ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 154 ግን አንድ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሞልቶት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ጠፍቷል ተብሎ እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል። እናትሽ ከዛ ብትጀምር ጥሩ ነው። የጋብቻ ማስረጃ ከሌላት በሰርጉ የነበሩ ሰዎች ይመስክሩ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ያዙ፣ የላከው ደብዳቤ ወይ በዩኒፎርም የተነሳው ፎቶ ካለ ከጀርባው የተጻፈውንም ፎቶኮፒ አድርጉ፣ አንዳንዴ የክፍሉ ስም እዛ ላይ ነው ያለው። ጡረታ ይፈቀዳል ብዬ አልዋሽሽም፣ በአገልግሎቱ ዘመን ይወሰናል። ከተፈቀደ ግን ለሚስት የሟቹ ጡረታ ግማሽ ነው፣ ለልጅ 20 በመቶ፣ አንቺ ግን ከ18 ስላለፍሽ በልጅነት አታገኚም። ደግሞ እናትሽን አስቀድመሽ አናግሪያት። ጠፍቷል የሚለውን ቃል ዳኛ ፊት መስማት የማይፈልጉ እናቶች አሉ፣ ዛሬም በር የሚያዩ፣ እነሱን አንገፋም።

እኔ ለንደን ነው ያለሁት፣ እዚህ ሬጅመንቶች ትልልቅ ማህበር አላቸው፣ የራሳቸው ሙዚየም ሁሉ። እኛ ለምን አልቻልንም?

ወንድሜ እነሱ ድሮ እግረኛውን በየአውራጃው ነበር የሚመለምሉት፣ ስለዚህ ጡረታ ሲወጣም አንድ ከተማ ላይ ነው፣ ቤተክርስቲያኑም ጠላ ቤቱም (በነሱ ፐብ ነው) አንድ ነው። ክፍሉም በስምም ተዋህዶም ቢሆን ይቀጥላል። የኛ ብርጌድ ግን ፈርሷል፣ ሰዉም ከየትም ነው የመጣው፣ በስተቀኜ የወላይታ ልጅ፣ በስተግራዬ የአርሲ ልጅ ነበር። እዚህ ያለነው ሰሜን ሸዋ የገባነው ብቻ ነን፣ የቀረው በስልክ ነው። ሙዚየም ካልክ ያው ደብተሩ ነው።

ብሩን ማነው የሚይዘው? ማህበር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ይምጣብህ፣ ልክ ነህ። በወር 50 ብር ነው፣ የሌለው አይከፍልም፣ ማን እንዳልከፈለም ጮክ ብሎ አይነበብም። ባንክ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ነው፣ እሱም የቀድሞ የስንቅ አስር አለቃ ስለሆነ ከሱ ላይ ሳንቲም ማስወጣት ከምሽግ ሰው እንደማስወጣት ነው። ለኛ ለኮሚቴዎቹ የትራንስፖርት ብቻ፣ እሱም በደረሰኝ። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም ብላችሁ አትከራከሩኝ፣ ሹፌሩ ወረቀት ላይ ይፈርማል።

ህጋዊ ምዝገባ ያስፈልጋል?

እድር፣ እቁብና የመሳሰሉት ከሲቪል ማህበረሰብ አዋጁ 1113/2011 ውጪ ናቸው። ማህተም፣ እርዳታ፣ ፕሮጀክት ካሰባችሁ ግን ተመዝገቡ፣ በየዓመቱ የስራና የሂሳብ ሪፖርት እንዳለበት አውቃችሁ።

ፖለቲካስ?

የለም። በር ላይ ይቀራል፣ በተለይ በዚህ ጊዜ።

እኔ የባድመ ዘማች ነኝ፣ ትቀበሉኛላችሁ?

ከኛም ውስጥ በ90 እና 91 እንደገና ተጠርተው የዘመቱ አሉ። አባልነቱ በብርጌዱ ነው፣ ለቀብር፣ ለደቦና ለወረቀት ጉዳይ ግን ማንንም አንጠይቅም። አምና አንድ የጣርማበር አባላችን በእግሩ ፍንጣሪ ምክንያት መነሳት ሲያቅተው ገብሱን ያጨዱለት የባድመ ልጆች ናቸው፣ እኛማ ጎንበስ ብለን ቀና ማለት አቅቶናል።

አያቴ ቃኘው ሻለቃ ነበሩ፣ ኮሪያ የዘመቱ። እናንተ ጋ ይመዘገባሉ?

የኮሪያ ዘማቾች የራሳቸው ማህበር አላቸው፣ አዲስ አበባ፣ እዛ ሂድ። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ነው ኮሪያ የደረሰው፣ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ፣ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ስር በ32ኛ እግረኛ ሬጅመንት የተዋጋ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። ሜዳሊያቸውንና ፎቷቸውን ይዘህ ሂድ፣ ኦርጅናሉን ግን ለማንም አትስጥ፣ ኮፒውን ስጥ።

እኛ ወጣቶች ምን እናግዝ?

ደብተሩን በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሱልን፣ ከዛ ኮምፒዩተር ላይ ጻፉት። አንዲት ተማሪ ጀምራልናለች፣ የአንዳንዱን ጽሁፍ ማንበብ ሲያቅታት ትደውላለች፣ እኛም መነጽራችንን ፈልገን እንመልሳለን። ሞተር ያለው ደግሞ ወደ እነዋሪና ደነባ ቢያደርሰን ቤንዚኑን እንችላለን።

ቀብር ላይ ትተኩሳላችሁ?

አንተኩስም። ባንዲራ፣ ሜዳሊያ ያለው ሜዳሊያውን፣ የሚያቅራራ ካለ ያቅራራል። አለቀ።

ስብሰባው መቼ ነው? አረቄ አለ ይባላል።

የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። አረቄው ቃለ ጉባኤ ከተፈረመ በኋላ ነው፣ በፊት ሞክረነው ነበር፣ የዛን ቀን ቃለ ጉባኤ እስካሁን ማንም ሊያነበው አልቻለም።